ኢንሱሊን ብዬ የወደቅሁበት የክለሳ መጽሐፍ

6 ዓመት ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከሠራሁ በኋላ ወደ አዋቂዎች ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንደምዛወር ሲነገረኝ፣ በዚያው ሳምንት ይህን የሜዲካል ሰርጂካል ነርሲንግ (የአዋቂ ሕሙማን ነርሲንግ) መከለሻ ገዛሁ። ከመጽሐፉ ጋር የስልክ የጥያቄ አፕ አለው። ሁለት ወር ተኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊት ተራ በኋላ፣ ዓይኔን እያሸሁ ሠርቼበታለሁ።

የመጀመሪያው ምሽት አዋረደኝ። ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ በስኳር ኬቶአሲዶሲስ (ኢንሱሊን አንሶ ደም አሲድ ሲሆን) የገባች ሴት በጥልቀትና በፍጥነት ትተነፍሳለች፤ ስኳሯ 480፣ ፖታሲየሟ 2.9 ነው። ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ ድሪፕ) ተጀምሮላታል፣ ሽንቷም ይወርዳል። ቀጥሎስ? «ኢንሱሊን!» ብዬ ነካሁ። ቀይ በራ። ኢንሱሊን ስኳሩን ብቻ ሳይሆን ፖታሲየሙንም ከደም ወደ ሴል ይዞ ይገባል፤ 2.9 ላይ ያለች ሴት ይባስ ወርዶባት የልቧ ምት ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፖታሲየሙ በድሪፕ ይተካል፣ ኢንሱሊኑ ይጠብቃል።

መጽሐፉን የወደድኩት ግን ከዚያ በታች ባለው ነገር ነው። የተሳሳቱትን ምርጫዎች «ስህተት» ብሎ አያልፋቸውም፤ እያንዳንዱ መቼ ትክክል እንደሚሆን ይናገራል። ለምሳሌ ግሉኮስ ያለው ፈሳሽ ለዚህችው ሴት ስኳሯ ከ200 እስከ 250 አካባቢ ሲወርድ ይጨመራል፤ ኢንሱሊኑ ደሟ ከአሲድ ሳይጠራ አይቆምማ። ከአንድ ጥያቄ አራት ትምህርት ወሰድኩ።

«ማንን ቀድመህ ታያለህ?» የሚለው ክፍልም ግሩም ነው። የቆየ የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሰውዬ የደም ኦክስጅናቸው 90 በመቶ ነው። በሌላው አልጋ ከሆድ ቀዶ ሕክምና የወጣ ወጣት አለ፦ የልብ ምቱ 124፣ ግፊቱ 112/70፣ ይቁነጠነጣል፣ ባለፈው ሰዓት የሸናው 15 ሚሊ ሊትር ብቻ። እኔ ወደ 90ው ሮጥኩ። ለሰውዬው ግን የሚፈለገው ከ88 እስከ 92 ስለሆነ ደህና ናቸው። ወጣቱ ውስጥ ውስጡን እየደማ ሊሆን ይችላል፤ ግፊቱ ደህና የመሰለው ሰውነቱ ስለሚታገል ነው፣ የሚወድቀው መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሪፖርት ስቀበል ከግፊት በፊት ሽንት እጠይቃለሁ።

የኩላሊቱ ምዕራፍ ደረቅ ሽምደዳ ነው፤ ሌላ ቦታ ማንበብ ይሻላል። የልብ ምት ወረቀቶቹ ምስል ደግሞ የጉንዳን መንገድ ያህል ደቅቆ ታትሟል። የቼስት ቲዩቡ (ከደረት አየርና ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ) ጽሑፍ ጥሩ ነው (የጠርሙሱ ውኃ ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ቢል ጤና፣ ያለማቋረጥ ከተንፈቀፈቀ ግን አየር የሚያስገባበትን ፈልግ)፤ ሥዕሉ ግን ውኃው የቱ ጋ እንዳለ እንኳ አያሳይም። አፑም ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመለስኩትን ሁሉ ይረሳል።

ይቅር የማልለው የቃጠሎውን ምዕራፍ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ ከሰውነቱ ቆዳ 30 በመቶው የተቃጠለ፣ ከአደጋው 2 ሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው። በ4 ሚሊ ሊትሩ ቀመር (4 ሲባዛ በኪሎ ሲባዛ በተቃጠለው በመቶ) ለ24 ሰዓት የሚሰጠው ፈሳሽ 8,400 ሚሊ ሊትር ይመጣል፤ ግማሹ፣ 4,200፣ በመጀመሪያው 8 ሰዓት ይገባል። እስከዚህ ትክክል። ከዚያ መጽሐፉ 4,200ን ለ8 አካፍሎ በሰዓት 525 ይላል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ግን ሰውዬው ከተቃጠለበት ቅጽበት እንጂ በር ከገባበት አይደለም! የቀረው 6 ሰዓት ስለሆነ 700 ነው። ቀመሩ መነሻ ብቻ መሆኑን፣ ከዚያ ፈሳሹ በሽንት መጠን እየታየ እንደሚጨመርና እንደሚቀነስም አንድ መስመር አልጻፈም። አሁን ከ2 ሚሊ ሊትር መጀመር የሚመክር መመሪያ መኖሩንማ ተወው።

መሠረቱን ለተማረና ለዘነጋ ሰው ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። ለጀማሪ ተማሪ አይሆንም፤ በሽታውን ሳያስረዳ ጥያቄ ውስጥ ይነክረዋል። አሁን መጽሐፉን ከእኔ ጋር ለተዛወረች ባልደረባዬ አውሼዋለሁ። ከመስጠቴ በፊት 525ን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ 700 ጽፌበታለሁ።