የቫኪዩም ጎማ አየር ሲስብ፦ በስፕሬይ መፈለግ ወይስ በጭስ?

የአሮጌ መኪና ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ሲንቀጠቀጥና ከሞተሩ አካባቢ የፉጨት ድምፅ ሲሰማ፣ መጀመሪያ የቫኪዩም ጎማዎቹን፣ ማለትም ከሞተሩ አየር ማስገቢያ ጋር የተገናኙትን የላስቲክ ቱቦዎች፣ ጠርጥሩ። በስንጥቁ የሚገባው ትርፍ አየር የነዳጁን ድብልቅ ያሳሳዋል።

ወጪ፦ ለስፕሬይ አንድ ጣሳ የካርቡሬተር ማጽጃ ይበቃል። የጭስ ማሽን ውድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ጋራዥ መሄዱ አይቀርም።

አሠራር፦ ስፕሬዩ ሞተሩ እየሠራ በጎማዎቹ ጫፍ ላይ ጥቂት ጥቂት ይረጫል። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ከተቀየረ ቀዳዳው እዚያው አካባቢ ነው። ግን የማራገቢያው ንፋስ ፈሳሹን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ለጭስ ሞተሩ ይጠፋል፤ ጭሱ በአነስተኛ ግፊት ወደ አየር ማስገቢያው ይላካል። ከዚያ ማየት ብቻ ነው። ከሥር ተደብቆ በዘይት የላሸቀ ጎማ እንኳ ቀጭን ጭስ እየተፋ ራሱን ያጋልጣል።

አደጋ፦ እዚህ ላይ አደራ! ማጽጃው ተቀጣጣይ ነው። የጋለ ኤግዞስት ወይም ብልጭ የሚል የካንዴላ ገመድ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በምትኩ ከኤሌክትሪክ ክፍሎች አርቆ ውሃ መርጨት እመርጣለሁ።

ጎማዎቹ ጥቂትና ከላይ የሚታዩ ከሆኑ ስፕሬይ ይበቃል። ብዙና የተወሳሰቡ ከሆኑ፣ ወይም ችግሩ ተፈልጎ ከጠፋ፣ ጭስ ይሻላል። የፍሬን ሰርቮ (በቫኪዩም እየሠራ የፍሬን እርግጫን የሚያቀለው ክፍል) ግን ለብቻው ይፈተሽ፤ ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቩ ጭሱን ስለሚያግድ ቀዳዳው ላይታይ ይችላል። ፍሬን ስትረግጡ ሚኒሞው ከተዛባ መጀመሪያ እሱን እዩ።