ባለ 5 ኪሎ ዋት የውኃ ተርባይኔ ከ14 ወራት አገልግሎት በኋላ

በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ወጣ ባለ ደጋማ ቀበሌ፣ ከቤታችን ቁልቁል በሚወርድ ጅረት ላይ ያስተከልሁት አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። እነሆ አንድ ሙሉ በጋና አንድ ሙሉ ክረምት አሳልፎ ሁለተኛውን በጋ ይዟል። አንድ ዕቃ በተገዛ በሳምንቱ የሚሰጥ አስተያየት ለቀጣዩ ገዢ እምብዛም ስለማይጠቅም፣ የትኛው ክፍል እንደጸናና የትኛው እንዳስቸገረኝ እስክለይ ድረስ መጻፉን አቆይቼው ነበር።

አስቀድሜ ልናገር የሚገባኝ፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ በገንዘብ ያልተገዛ ነገር መሆኑን ነው፤ እርሱም ጅረቱን በሚያዝያ መለካቴ ነው። ከሻጮቹ አንዱ ጅረቱን በመስከረም አይቶ ባለ 10 ኪሎ ዋት ማሽን ሊሸጥልኝ ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ ግን ውኃው እጅግ እስኪቀንስ ጠብቄ፣ በላሜራ ገድቤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ ባስገባው በ11 ሰከንድ ሞላ፤ ይህም በሰከንድ 18 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ውኃው ቁልቁል የሚወርድበትን ከፍታ የለካነው ግንበኞች በሚጠቀሙበት የፕላስቲክ ቱቦ ውኃ ልክ፣ ቁልቁለቱን ደረጃ በደረጃ እየወረድን ሲሆን፣ ድምሩ 22 ሜትር መጣ። በሰከንድ የሚወርደው ሊትር በከፍታው ሜትርና በ9.81 ሲባዛ ውኃው የያዘውን ኃይል በዋት ይሰጣል፤ ከዚህ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት አነስተኛ ማሽን ወደ ቤት የሚደርሰው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ማሽኑ 40 ሊትር በሚያገኝበት ክረምት 5 ኪሎ ዋት፣ በሚያዝያ ደግሞ 1.9 ኪሎ ዋት ያህል አገኛለሁ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚፈልግ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ እንጀራችን ወደ ማገዶ ይመለሳል። ይህን ለባለቤቴ ከግዢው በፊት መንገሬ ብዙ ጭቅጭቅ አስቀርቶልኛል።

የተርባይኑን ዓይነት መምረጥ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ፔልተን ብዙ ከፍታና ጥቂት ውኃ ላለው ገደላማ ቦታ ነው፤ በታላቁ የህዳሴ ግድብ የተተከሉት የፍራንሲስ ተርባይኖች ደግሞ እጅግ ትክክለኛ አሠራር ስለሚጠይቁ በሰፈር ቶርኖ ቤት የሚሞከሩ አይደሉም። (የግድቡ ነገር ከተነሣ፣ የእኔን ማሽን አዙሮ የሚወጣው ውኃም መጨረሻው ዓባይ ስለሆነ፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋቱ ጥቂት ድርሻ ያለኝ መስሎ ተሰምቶኝ ነበር።) የመረጥሁት ክሮስፍሎው የሚባለውን፣ አውስትራሊያዊው ሚቼል በ1903 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበትንና ሃንጋሪያዊው ባንኪ ያሻሻለውን ዓይነት ነው። ምላጮቹ ከብረት ቧንቧ ተሰንጥቀው በሁለት ክብ ላሜራዎች መካከል የሚበየዱ በመሆናቸው፣ ጥሩ ብየዳና ቶርኖ ያለው ወርክሾፕ ይሠራዋል፤ ቢሰበርም ያው ወርክሾፕ ይጠግነዋል። የእኔው መንኮራኩር 20 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ኖሮት በደቂቃ 920 ጊዜ ገደማ ሲዞር፣ ቺንጋው ጄኔሬተሩን ወደ 1500 ያደርሰዋል።

ከ14 ወራት በኋላ ከፍተን ስናየው ምላጮቹ ጫፋቸው በአሸዋ ጥቂት ከመላጉ በቀር ደህና ናቸው። አንደኛው ኩሽኔታ ግን ውኃ ገብቶበት በሰኔ ተቀይሯል፤ ድምፁ ከተለወጠ ሳምንት አልፎት ነበርና ጥፋቱ ግራሶ ለማጠጣት የሰነፍሁት የእኔ ነው። ከተርባይኑ ጋር በተያያዘ የምጸጸተው በአንድ ነገር ብቻ ነው። የውኃ መቆጣጠሪያ በሩ ለአንድ ሦስተኛና ለሁለት ሦስተኛ ተከፍሎ ሊሠራ ሲችል፣ ወጪ ለመቀነስ ብዬ አንድ ወጥ አደረግሁት። የተከፈለ በር ቢሆን ኖሮ ውኃው ሲያንስ ትንሹን ክፍል ብቻ ከፍቼ፣ በበጋ የማጣውን ኃይል በከፊል አድን ነበር።

ከጠቅላላ ወጪዬ ግማሽ የሚጠጋውን የበላው ቧንቧና ገመድ ነው፤ በዚህ ግን አልቆጭም። ለ85 ሜትሩ መስመር ባለ 160 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ብመርጥ ኖሮ በክረምት ፍሰት ከ22 ሜትሩ ከፍታ 2.4 ሜትር ያህሉ በሰበቃ ብቻ ይጠፋ ነበር፤ ባለ 200 ሚሊ ሜትሩ የሚያጠፋው ከአንድ ሜትር በታች ነው። ቧንቧው ከፀሐይ፣ ከከብትና ከእሳት እንዲድን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቀብሯል። ከማሽን ቤቱ እስከ መኖሪያችን ላለው 300 ሜትርም ባለ 25 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ገመድ ዘርግቻለሁ፤ በሙሉ ጭነት 15 ቮልት ገደማ ይጥላል፤ ቤት ውስጥ ብዙም አይታወቅም።

በጣም የናቅሁት፣ በጣምም ያደከመኝ፣ የቆሻሻ ማጣሪያው ወንፊት ነው። በአካባቢያችን ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ በየኮረብታው ሞልቷል፤ ደቃቃ ቅጠሉ ከዝናብ ጋር ሲወርድ ጠባቡን ወንፊት እንደ ጭቃ ይለስነዋል። መጀመሪያ ያሠራሁት ወንፊት ቀጥ ብሎ የቆመና ስፋቱም ከቧንቧው አፍ እምብዛም የማይበልጥ ስለነበር፣ በሐምሌ በቀን እስከ አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም በሌሊት በባትሪ ብርሃን፣ መጥረግ ግድ ሆነብኝ። አምፖሉ መደብዘዝ ሲጀምር የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያያል። በነሐሴ ስፋቱን በአምስት እጥፍ አሳድጌ አጋድሜ ካስበየድሁት ወዲህ ቅጠሉ ወደ ላይ ተንሸራትቶ በትርፉ ውኃ ስለሚታጠብ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ጊዜ መጥረግ በቂ ሆኗል። ደለል ማስቀመጫ ገንዳውንም ሁለት እጥፍ አድርጌ ብገነባው ኖሮ፣ የምላጮቹ ጫፍ ባልላገ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ፣ ጄኔሬተሩ ባለ ካርቦን የቻይና ስሪት ሲሆን፣ ለ5 ኪሎ ዋት ማሽን ሆን ብዬ ባለ 10 ኪሎ ቮልት አምፔር ገዝቻለሁ፤ የጭነት መቆጣጠሪያው የኤሌክትሪክ ሞገዱን እየቆራረጠ ስለሚሠራ ጠባብ ጄኔሬተር ያግላል። እስካሁን ካርቦን ከመፈተሽ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። የጭነት መቆጣጠሪያው ግን ሁለት ጊዜ አስደንግጦኛል። ሥራው ቤት ውስጥ ያልተፈለገውን ኃይል በውኃ በርሜል ውስጥ ወደተነከሩ ማሞቂያ ሬዚስታንሶች እየለቀቀ ማሽኑ ሁልጊዜ እኩል ጭነት እንዲሰማውና በ50 ኸርዝ እንዲዞር ማድረግ ነው። ሻጩ የሰጠኝ ባለ 2 ኪሎ ዋት ሦስት ሬዚስታንሶች በድምሩ 6 ኪሎ ዋት በመሆናቸው በቂ መስለውኝ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ግን በርሜሉን የሚሞላው ቀጭን ቧንቧ በደለል ተደፍኖ ውኃው ጎደለ፤ አንደኛው ሬዚስታንስ ደርቆ ተቃጠለ፤ ምጣዱ በጠፋበት ቅጽበት 5 ኪሎ ዋቱ 4 ኪሎ ዋት ብቻ የሚቀበል ጭነት ላይ ወደቀ። ማሽኑ ጮኸ፤ ቴስተሩ 58 ኸርዝ አሳየ፤ ሳራቺኔስካውን ለመዝጋት ስሮጥም ፍሰቱ በድንገት ሲቆም በሚፈጠረው የውኃ ምት ቧንቧው እንዳይፈነዳ ቀስ እያልሁ ማዞር ነበረብኝ፤ ያ ደቂቃ እጅግ ረዘመብኝ። ሁለተኛው ድንጋጤ በሐምሌ መብረቅ የመቆጣጠሪያውን ትራያክ፣ ማለትም ሞገዱን የሚቆራርጠውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ሲያቃጥለው ነው፤ ዋስትና ተብሎ የተሰጠኝ ወረቀት መብረቅን እንደማይጨምር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ አራተኛ ሬዚስታንስ ጨምሬ ድምሩን 8 ኪሎ ዋት አድርሻለሁ፤ የበርሜሉንም ውኃ ከራሱ ከዋናው ቧንቧ ጠልፌዋለሁ፤ ተርባይኑ እስከዞረ ድረስ በርሜሉ አይጎድልም። የመብረቅ መከላከያና ደህና የምድር ሽቦም ገብቷል። በርሜሉ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሞቅ፣ በደጋው ብርድ ጠዋት በሙቅ ውኃ መታጠብ ለቤተሰቡ ያልታሰበ ሲሳይ ሆኗል፤ እናቴ ከመብራቱ ይልቅ የምትመርቀው ይህን ነው።

በታችኛው ማሳ መስኖ የሚያጠጡ ጎረቤቶች ስላሉ፣ ከተርባይኑ የሚወጣው ውኃ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦያቸው እንዲመለስ ከውኃ አባቱ ጋር ተስማምተናል። ከላይኛው ጠለፋ በሚያጠጡት ተራ ቀን ግን ማሽኑ ቀን ቀን ቆሞ ማታ ብቻ ይሠራል።

አሁን በማሽን ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሁለት ኩሽኔታ፣ አንድ ቺንጋ፣ ሁለት ሬዚስታንስና አንድ ጥንድ ካርቦን በመጠባበቂያነት ተቀምጠዋል። ለሁለት የተከፈለውን በር ደግሞ ወርክሾፑ ከመጋቢት በፊት ሊያደርስልኝ ቀብድ ተቀብሏል።