ካምቢዮ ሳያስቀይሩ የሣር ማጨጃ ማሽናችንን ላስነሡልን መካኒክ

ሜሪላንድና አካባቢው ለምትኖሩ ወገኖች፤ እኚህን መካኒክ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሰፊ ነው፤ ከኋላው ደግሞ ዳገት አለው። ሣሩን የምናጭደው ተቀምጠን በምንነዳው ማሽን ሲሆን፣ ተራው አብዛኛውን ጊዜ የእኔ ነው። ደመራ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማሽኑ ዳገቱ ሥር ቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቢላዋው ይሽከረከራል፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። የወሰድንበት ጥገና ቤት አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያየው «ካምቢዮው አልቋል» ብሎ ከ1,000 ዶላር በላይ ጠየቀን። ከምእመናን ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነውና እንቅልፍ ነሣኝ።

እኚህ አባት በሰው በሰው ተገኝተው መጡ። መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት መጠየቅ ጀመሩ። «ልጄ፣ የሚያቆምህ ሲሞቅ ነው ወይስ ገና ስታስነሣው?» ገና ሳስነሣው ነው አልኳቸው። «እንግዲያውስ በካምቢዮው ላይ ለመፍረድ አትቸኩል» አሉኝ። እንዲህ ያለው በዘይት ግፊት የሚሠራ ካምቢዮ ሲደክም ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ደኅና ይሄዳል፤ ዳገት የሚያቅተው ቆይቶ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ነው። የጎማ ሽታ ይኖር እንደሆነም ጠየቁኝ። ነበረ፤ እኔ ግን የደረቀ ሣር የተቃጠለ መስሎኝ ነበር።

ሞተሩን አጥፍተው የካንዴላውን ገመድ ነቀሉ። ከዚያ ማሽኑን በእጅ ለመግፋት ሲፈለግ የምትሳበውን ከኋላ ያለች ዘንግ አዩ፤ እርሷ ተስባ ከተረሳች ጤነኛ ካምቢዮም አይነዳም። በቦታዋ ነበረች። ማሽኑን በትከሻቸው ቢገፉት አልገፋ አለ። «ካምቢዮው ጎማውን አጥብቆ ይዟል፤ ውስጡ ደኅና ይመስለኛል» ብለው ከሥር ገቡ።

የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያደርሰውን ቺንጋ አውጥተው ወደ ብርሃን አዞሩት። ጎንና ጎኑ ሊስትሮ የወለወለው ጫማ ይመስል ያብረቀርቃል፤ ሲንሸራተት እንደነበር ምልክቱ ይኸው ነው። መወጠሪያዋን ፑሊ በጣታቸው ሲያሾሯት ኩሽኔታዋ እንደ ቡና ወፍጮ አንኮሻኮሸች፤ የምትስባትም ሞላ ላልታለች። ቢላዋው የሚሠራው በሌላ ቺንጋ ስለሆነ እርሱን አልነካውም፤ እኛን ያሳሳተንም ይኸው ነው።

መናዘዝ ካለብኝ፣ ያንን ቺንጋ በሚያዝያ ወር ርካሽ አገኘሁ ብዬ የገጠምኩት እኔው ነኝ። ርዝመቱ ልክ ነው፤ የተሠራው ግን ለመኪና ነው። በእኛ ማሽን ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ቺንጋው ላልቶ መልሶ ስለሚወጠር፣ በጨርቅ የተሸፈነና ጠንካራ ክር ያለው መሆን ነበረበት። እኚህ አባት አልተቆጡኝም፤ ቺንጋውን አንዴ፣ እኔን አንዴ አይተው ዝም አሉ። ከቁጣ የባሰ ነበር።

ቺንጋውን፣ ፑሊዋንና ሞላዋን ቀየሩ። ካምቢዮው ላይ የተጋገረውን ሣርም በአየር ነፍተው አጸዱ፤ ማቀዝቀዣው ቬንትሌተር በሣር ታፍኖ ነበር፤ በዚያው ቢቀጥል ካምቢዮውም እውነት ያልቅ ነበር። ለዕቃው 92 ዶላር ከነደረሰኙ፣ ለድካማቸው 60 ዶላር ተቀበሉን። አሮጌዎቹን ዕቃዎች በፌስታል አስረው ለኮሚቴው እንዳሳይ ሰጡኝ። ደመራውን በታጨደ ሣር ላይ ተከልን።

ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ቶሎ አያነሡም፤ የድምፅ መልእክት ተዉላቸው። ማሽናችሁ የሚያቆመው ሲሞቅ ይሁን ገና ሲነሣ አብራችሁ ንገሯቸው፤ አስቀድመው የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።