ቢሾፍቱ ወይስ ላንጋኖ? የስምንት ሰው ሂሳብ

ረጅም ዊኬንድ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል። «ስምንት ሆነን ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት ልናድር ነው፣ የቱ ይረክሳል?» ሁሉም ቢሾፍቱ እንድላቸው ይጠብቃሉ። ቅርብ ነዋ! ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላንጋኖ 200 አካባቢ ይሆናል። እኔ ግን ላንጋኖ ነው የምለው።

ቢሾፍቱን አምና ሞክረናታል። ቴሌግራም ላይ ፎቶ አይተን ለደላላ ቀብድ ላክን። «ሐይቅ ዳር» ከተባለው ቤት ሐይቁ የሚታየው በሽንት ቤቱ መስኮት ነበር፣ ያውም ባልዲ ገልብጦ ለቆመ ሰው። ክፍሉ 4,500 ብር ተባልን። ሲከፈል 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በላዩ 15 በመቶ ቫት ተጨመረና 5,692 ከ50 ሆነ። ለሁለት አንድ ክፍል ይዘን ሁለት ሌሊት ስላደርን እያንዳንዳችን ያችኑ 5,692 ከ50 ከፈልን። ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። አራት ጊዜ በልተን በሰው 3,200 ሄደ። ታክሲው ሲጨመር 9,200 ገደማ። ለገዛ ውስኪያችን የተጠየቅነውን የመክፈቻ ሂሳብ ተዉት፣ እስካሁን ያናድደኛል።

ላንጋኖ ላይ አራት ሰው የሚያስተኛ ጎጆ በ7,000 አገኘን፣ ቫቱም ምኑም ተጠቃሎ። ሁለት ጎጆ፣ ሁለት ሌሊት፣ በሰው 3,500። አባዱላው ለሦስት ቀን ከነሹፌሩና ከነነዳጁ 24,000 ነበር። ሰው የሚደነግጠው ይሄን ሲሰማ ነው። ለስምንት ሲካፈል ግን 3,000 ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም መቂ ላይ ከመንገድ ዳር ገዛን። ባቱ ስንደርስ ቆሮሶ ዓሣ አስመዘንን። አንድ ልጅ ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ሲያራግፍ የጓደኛዬ ነጭ ሸሚዝ በቅርፊት አብለጨለጨ። ከሰልና ድስት ከቤት ይዘናል። ምግቡ 1,200 ወጣበት። ድምር 7,700።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ያስጠላል የሚሉ አሉ። ግን ቢልሃርዚያ የለበትም ይባላል፣ ዳርዳሩም ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። የቢሾፍቱው ባቦጋያ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው፣ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ያልፋል። ከእኛ ስምንት ዋና የሚችሉት ሦስት ናቸው።

ላንጋኖም ጉድ አለው። የሣር ጎጆ ብለው ያከራዩን አንዱ ሣሩ ለፎቶ ነው፣ ከስር ቆርቆሮ። ቀን 7 ሰዓት ላይ ምድጃ ይሆናል። ፓምፑም ተበላሽቶ ውሃ በጀሪካን ስናመላልስ አደርን። የሚጠጣ ውሃ ከአዲስ አበባ ጫኑ፣ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ጠይቁ።

ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ቢሾፍቱ ሂዱ፣ የአባዱላው ብር አያዋጣም። የትም ብትሄዱ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ለአከራዩ ወይም ለደላላው በቪዲዮ ደውሉና ከጎጆው በር እስከ ውሃው እየተራመደ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። እኛን ያ ደላላ ሦስት ጊዜ «ኔትወርክ የለም» ብሎናል። ቀብዱ ግን በደቂቃ ገባለት።