ለቱሉ ዲምቱው ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቃሊቲ የምትኖሩ፣ በተለይ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። የልጄን ስራ ስላዳነ አንድ የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ልጅ ነው።

ልጄ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ናት። ዘንድሮ ትመረቃለች። ላፕቶፗን የገዛሁላት በእቁብ ብር ነው። የመመረቂያ ስራዋን የምትሰራው ዊንዶውሱ ላይ ቨርቹዋልቦክስ በሚባል፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አድርጎ በሚያሰራ ፕሮግራም ውስጥ፣ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭና ነው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያሰራ ሲስተም ነው። አንድ ማታ ኡቡንቱው አፕዴት ጠየቃት፣ ጫነችለት። ጠዋት ፓስዎርዷን አስገባች፣ የኡቡንቱው ስክሪን ጥቁር ሆኖ ቀረ። የመመረቂያ ስራዋን መምህራን ፊት የምታቀርብበት ዲፌንሷ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ከዚያ በኋላ የተንከራተትነውን እኔና እሷ ነን የምናውቀው። የመጀመሪያው ጥገና ቤት ገና ሳያየው "ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል" አለን፣ ስክሪን ላይ ምስል የሚያወጣውን የላፕቶፑን ክፍል ማለቱ ነው። የጠራው ዋጋ ከወር ደሞዜ ይበልጣል። ልጄ "ዊንዶውሱ እኮ በደንብ ይሰራል" ብትለው መልስ እንኳን አልሰጣት። ሁለተኛው ኡቡንቱው ውስጥ የኒቪዲያ ድራይቨር፣ ማለትም የኒቪዲያን ግራፊክስ ካርድ የሚያሰራ ፕሮግራም፣ ጫነበት፣ ጭራሽ ባሰበት። "ነገ ኑ" እያለ ሦስት ቀን አመላለሰን። ከዚህ መሃል ከተማ ድረስ ያለውን የታክሲ ሰልፍ ታውቁታላችሁ። ብሩን ግን ተቀበለ። ሦስተኛው ደግሞ "ሊኑክስ ምን ይሰራልሻል? ፎርማት ይደረግና ተገላገዪ" አላት። ልጄ መንገድ ላይ አለቀሰች።

እኔ ፎርማት የሚለውን ቃል ስሰማ ልቤ ድንግጥ ይላል። ከዓመታት በፊት የቤታችንን ኮምፒውተር ላሰራ ወስጄ፣ ሳይጠይቁኝ ሁሉን አጥፍተው መለሱልኝ። የእናቴ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ፣ ነፍሷን ይማርና። ልጄን በክርስትናዋ ቀን አቅፋ የተነሳችው ሳይቀር ጠፋ። "ይኸው ሰራ አይደል?" ነበር ያሉኝ። ዛሬም አልወጣልኝም።

ይህን ልጅ የጠቆመችን ጎረቤቴ ናት። ለካ እዚሁ ሰፈራችን፣ ኮንዶሚኒየሙ ስር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጋር በተጋራት ጠባብ ክፍል ነው የሚሰራው። መጀመሪያ ልጄን "ከመበላሸቱ በፊት ምን አድርገሽ ነበር?" ብሎ ጠየቃት። ከሦስቱ አንዱ እንኳን ይህን አልጠየቃትም። ቀጥሎ የራሱን ሃርድ ዲስክ ሰካና "ማዘር፣ ምንም ሳልነካ መጀመሪያ ስራዋን ላስቀምጥ" አለኝ። ያ ሁሉ ኡቡንቱ ለካ ዊንዶውሱ ላይ እንደ ማንኛውም ፋይል የሚገለበጥ ነው። ገልብጦ እስኪጨርስ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እንባዬ መጣ። የዚያን ጊዜ እንዲህ የሚል አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ እያልኩ ነበር።

እየጠበቅን ችግሩን ለኔም በሚገባኝ መንገድ አስረዳኝ። "ኡቡንቱው ተከራይ ነው በይው" አላት ልጄን፣ እኔም እየሰማሁ። "ተከራይ የአከራዩን ቆጣሪ አይነካም፤ የተሰጠውን መስመር ብቻ ነው የሚጠቀመው። ቨርቹዋል ማሽኑም፣ ማለትም ኡቡንቱ ያለበት የውስጡ ኮምፒውተር፣ የላፕቶፑን ካርድ አያየውም። ቨርቹዋልቦክስ ራሱ የሰራለትን የይስሙላ ካርድ ነው የሚያየው። የኒቪዲያው ድራይቨር ለሌለ ካርድ ነው የተጫነው።" ካርዱ አልተቃጠለም ማለት ነው! ያን ሁሉ ብር አውጥቼ ብቀይረው ኖሮስ?

ከዚያ የሰራውን ልጄ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። ያንን ድራይቨር አወጣው። ጌስት አዲሽንስ የሚባለውን፣ ኡቡንቱውን ከቨርቹዋልቦክስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ አፕዴቱ ካመጣው አዲስ ከርነል (የኡቡንቱው ዋና ክፍል) ጋር እንዲስማማ እንደገና ጫነው። ለስክሪኑ ተሰጥቶ የነበረው ሜሞሪ 16 ሜጋባይት ብቻ ነበር፣ ወደ 128 ከፍ አደረገው። ሌላም የነካካው ነገር አለ፣ እኔ አልገባኝም። እኔ የማውቀው ስክሪኑ በርቶ ፎልደሮቿ አንድ ሳይጎድል መታየታቸውን ነው። ልጄ ዘላ አቀፈችኝ።

ሒሳቡን ስጠይቀው "ማዘር፣ ተማሪ ናት፣ የቻሉትን" አለኝ። የሰጠሁት ሁለተኛው ቤት ከወሰደብን ግማሽ አይሞላም። በዚያ ላይ ሌላ ጊዜ አፕዴት ከመጫኗ በፊት ስናፕሾት፣ ማለትም ቢበላሽ የሚመለሱበትን የኡቡንቱውን የዚያን ሰዓት ሁኔታ፣ እንድትይዝ አሳይቷት፣ ራሷ ሁለቴ እንድትሞክረው አድርጎ ነው የሸኛት።

እባካችሁ ወደሱ ሂዱ። ሩቅ አትንከራተቱ፣ ካርድ ተቃጠለ ስትባሉም ብር ከማውጣታችሁ በፊት እሱ ይየው። አስፈቅጄዋለሁ፣ ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። እሁድ እስከ ቀትር አይከፍትም፣ ከሰዓት ግን አለ።