ጎብዬ ማሽላ፦ አቀንጭራውን ተቋቁሟል፣ አገዳው ግን አጠረን

ቆቦ አካባቢ የሚያዝያው ዝናብ ከቀረ ደጋሊት የሚባለውን ረጅምና ዘግይቶ የሚደርስ የአገራችን ማሽላ መዝራት አይታሰብም። አምናም ቀረ። ሐምሌ ላይ በአባዬ ታችኛው ማሳ ጎብዬ የተባለውን፣ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዝርያ ዘራን። ማሳው አቀንጭራ፣ ማለትም የማሽላን ሥር የሚመጥ ጥገኛ አረም፣ የጨረሰው ነው።

ውጤቱን ልንገራችሁ። አቀንጭራው ጨርሶ አልጠፋም። እዚህም እዚያም ሐምራዊ አበባው ብቅ ብሏል፤ አባዬ በእጁ ነቀለው። የጎረቤታችን ማሽላ ግን ውሃ እየጠጣ የደረቀ ይመስል ነበር። አቀንጭራ ተንኮለኛ ነው፤ አበባው ሲታይ ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ሲመጥ ከርሟል።

ዘሩ ብናኝ ነው፣ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። የጎብዬ ሥር ደግሞ ያንን ቀስቃሽ የሚያወጣው በጣም በጥቂቱ ነው። አቀንጭራው እንደተኛ ይቀራል። ይህ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት የተሸለሙት የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አገዳው አጭር ነው! አባዬ አጭዶ ሲጨርስ ክምሩን አየና «ይሄ ለአንድ በሬ ቁርስ አይሆንም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ጋ አገዳ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ዘር ሲገመገም ግን ሁሉም የሚያወራው ስለ ኩንታል ብቻ ነው። ከሌላው ቀድሞ ከደረሰ ደግሞ ወፉ ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል። እንጀራው ለእኔ ደህና ነው፤ እማዬ ግን የደጋሊትን ያህል አይለሰልስም ትላለች።

መፍትሔው ያንኑ አቀንጭራን ያለመቀስቀስ ባሕርይ ወደ ረጅሙ ደጋሊት ማሻገር ይመስለኛል። ችግሩ፣ ባሕርዩ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይታይም። የመጀመሪያው ዲቃላ ጂኑን ተሸክሞ ሳለ በአቀንጭራ ይጠቃል፤ በዓይን የሚመርጥ ሰው ይጥለዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን ኤልጂኤስ1 የተባለው ጂን ተለይቷል። ስለዚህ ገና በቡቃያነቱ ከቅጠሉ ቁራጭ ወስዶ በጂን ምልክት መለየት ይቻላል። ማሳ ላይ ዘርቶ አቀንጭራ መጠበቅ ቀረ ማለት ነው።

እስከዚያው አቀንጭራ ለበላው ማሳ ጎብዬን ደግሜ እገዛለሁ። ከብት የሚበዛባችሁ ግን ለመኖ የሚሆን ሌላ ማሳ ያዙ። ገበያ ላይ ተዘርግፎ «ጎብዬ ነው» የሚባለውንም አትመኑ፤ መለያ ያለውን ከረጢት ግዙ።