15፣ 16፣ 17 ወይስ 18? ለኮሮላ አዲስ ቸርኬ ስትገዙ የትኛው የጎማ መጠን ይሻላል

ቸርኬ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ዲዛይን ላይ ነው። የጎማው ነገር የሚነሳው ዋጋው ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ሻጩ «ይሄኛው ልክ ይገባል» ባለው ይወሰናል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል። መንገዱን የሚረግጠው ጎማው ነው፤ ቸርኬውን ከጉድጓድ የሚያድነውም የጎማው ጎን ነው። መጀመሪያ ምን ያህል ጎማ በመኪናችሁና በመንገዱ መካከል እንዲኖር እንደምትፈልጉ ወስኑ፤ የቸርኬው ቁጥር ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ለማወዳደሪያ ቶዮታ ኮሮላ ኢ150ን ወስጃለሁ። ከ2007 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ የተመረተው፣ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ በየመብራቱ የምናገኘው ነው። በብዛት ከፋብሪካ የወጣው በ195/65/15 ወይም በ205/55/16 ጎማ ነው።

የቁጥሮቹ ትርጉም አጭር ነው። 195 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ 15 ደግሞ የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ሁለተኛው ቁጥር በመቶኛ መሆኑን የሚዘነጋ ብዙ ነው። 225/45 እና 215/45 ሁለቱም «45» ቢባሉም የጎናቸው ቁመት እኩል አይደለም።

| ጎማ | የጎኑ ቁመት (ሚ.ሜ) | የጎማው ጠቅላላ ቁመት (ሚ.ሜ) | ከ195/65/15 ጋር ያለው ልዩነት | የሚስማማው የቸርኬ ወርድ (ኢንች) |
|---|---|---|---|---|
| 195/65/15 | 127 | 634.5 | – | 5.5–7 |
| 205/55/16 | 113 | 632 | በ0.4% ያንሳል | 5.5–7.5 |
| 215/45/17 | 97 | 625 | በ1.5% ያንሳል | 7–8 |
| 225/45/17 | 101 | 634 | እኩል | 7–8.5 |
| 225/40/18 | 90 | 637 | በ0.4% ይበልጣል | 7.5–9 |

የጠቅላላውን ቁመት ዓምድ እዩት። ከ15 ወደ 18 ሲወጣ የተጨመረው ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። «ትልቅ ቸርኬ ሳስገባ መኪናዋ ከፍ ትላለች» የሚለው ሐሳብ ስለዚህ አይሠራም፤ እንዲያውም 215/45/17 ያደረገ ሰው መኪናውን የልዩነቱን ግማሽ፣ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ዝቅ አድርጓል። በእርግጥ የተለወጠው የጎኑ ቁመት ነው። ከ127 ወደ 90 ወርዶ፣ 37 ሚሊ ሜትር ጎማ ወጥቶ በምትኩ ብረት ገብቷል።

15ን የሚንቅ ሰው ሰፈሩ አስፋልት የሆነለት መሆን አለበት። ኮብልስቶን ላይ ለሚኖር፣ በየሳምንቱ ፒስታ መንገድ ለሚወጣ፣ በመኪናው ለሚሠራ ሹፌር 195/65/15ን የሚስተካከል የለም። ጎኑ ወፍራም ትራስ ነው፤ ጠርዙ የተሰበረ አስፋልት ውስጥ ስትገቡ ድንጋጤውን ጎማው ራሱ ይውጠዋል። ክፍለ ሀገር ላይ ቢፈነዳባችሁ መተኪያውን የማግኘት ዕድላችሁም የተሻለ ነው። ጉድለቱ ፈጣን መንገድ ላይ ይታያል። ወደ አዳማ በ100 እየነዳችሁ መስመር ስትቀይሩ መሪው ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የሚታዘዛችሁ። መልኩን በተመለከተ የምከራከርላችሁ ነገር የለኝም።

ከመሬት ከፍ ለማለት ብለው 205/65/15 የሚያስገቡም አሉ። ቁመቱ 647.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ2 በመቶ ይበልጣል። ግን መኪናዋን የሚያነሳት የልዩነቱ ግማሽ ብቻ ነው፤ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ከትንሿ ጣት ወርድ ያነሰ። በለውጡ የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል በተጨባጭ 102 ትነዳላችሁ፤ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞርም ጎማው የውስጠኛውን ፕላስቲክ የመንካት ዕድል ይኖረዋል። ለ6 ሚሊ ሜትር አያዋጣም።

የእኔ ምርጫ 205/55/16 ነው፤ ብዙ የማመነታበትም አይደለም። ከ15ቱ የሚያንሰው በ14 ሚሊ ሜትር ጎን ብቻ ነው፣ መሪው ግን በግልጽ ይሻሻላል፣ ፍሬን ሲያዝም የሚረግጠው ጎማ ሰፋ ይላል። ቶዮታ ራሱ የተጠቀመበት መጠን ስለሆነ መንካትና መፋተግ አያሰጋም። የመሸከም አቅሙን የሚገልጸው ቁጥርም እንደ 15ቱ 91 ነው፤ ማለትም አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል። ያገለገለ የፋብሪካ ቸርኬ ሶማሌ ተራ ፈልጋችሁ ብታገኙ፣ ከማታውቁት ስም አዲስ ቸርኬ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ባላንስ ማሽን ላይ አስዙራችሁ ያልተጣመመና ያልተበየደ መሆኑን ካያችሁ ማለቴ ነው።

17 ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ሻጮች በብዛት የሚያቀርቡት 215/45/17 ነው። በመደበኛው ዓይነት የመሸከም ቁጥሩ 87 ሲሆን ይህም 545 ኪሎ ነው። ከፋብሪካው በጎማ 70 ኪሎ፣ በአራቱ 280 ኪሎ አቅም ቀነሳችሁ ማለት ነው። ብቻውን ወደ ቢሮ ለሚመላለስ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ለፋሲካ አምስት ሰው ይዛችሁ፣ የኋላውን የዕቃ ማስቀመጫ ሞልታችሁ ጎጃም ስትወርዱ ግን ይታወቃል። መፍትሔው ጎኑ ላይ «ኤክስኤል» (XL) የሚል ምልክትና 91 ቁጥር ያለበትን መግዛት ነው፤ ይኸኛው ወደ 615 ኪሎ ይመለሳል። ሆኖም ያን ያህል የሚሸከመው ከመደበኛው ከፍ ያለ ንፋስ ሲሞላ ነው። የበሩ ጠርዝ ላይ የተጻፈው የንፋስ መጠን ለፋብሪካው ጎማ ስለሆነ እሱን ብቻ አትከተሉ።

225/45/17 ቁመቱ ከፋብሪካው ጋር እኩል ነው፣ ጎኑም ከ215/45 በ4 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ መደበኛው ዓይነት ራሱ በ91 ይገኛል። በወረቀት ላይ የተሻለው 17 እሱ ነው። ስፋቱ ግን ቦታ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የቸርኬውን ወርድና ኢቲ (ET) የሚባለውን ቁጥር በጥንቃቄ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ሁለቱም 17ዎች የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ፦ ንፋስ ሲጎድላቸው በዓይን አያስታውቁም። 15ቱ ሆዱ ተነፍቶ ይታያል፤ 17ቱ ግማሽ ንፋሱ ወጥቶም ቆንጆ ሆኖ ይቆማል። ጉድጓድ ሲያገኘው ግን ቸርኬው ይመታል። መለኪያ ገዝቶ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ነው።

18ን አልመክርም። ጎኑ 90 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቸርኬው ይከብዳል፣ ኮሮላው ደግሞ ለዚያ የሚሆን ጉልበት የለውም፤ ስትነሱ ይታወቃችኋል። ዱባይ ውስጥ በጠረጴዛ በሚመስል አስፋልት ላይ የሚነዳ ሰው ሌላ ሐሳብ ቢኖረው አልጣላውም።

ኢቲ የሚባለው ቁጥር ቸርኬው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ገጽ ከወርዱ መሀል ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ይናገራል። ሲያንስ ቸርኬው ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል፣ ሲበዛ ወደ ሾክ አብዞርበሩ ይጠጋል። በምሳሌ እንየው። የነበራችሁ ቸርኬ ወርዱ 6.5 ኢንች፣ ኢቲው 45 ነው እንበል፤ የሚሸጥላችሁ ደግሞ 7.5 ኢንች፣ ኢቲ 38። ወርዱ በአንድ ኢንች ስለጨመረ በየጎኑ 12.7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ኢቲው በ7 ስለቀነሰ ሁሉም ነገር 7 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋል። የውጭው ጠርዝ 19.7 ሚሊ ሜትር ወጣ፣ የውስጡ 5.7 ገባ። ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ መውጣት፣ ሰው ከኋላ ሲጫን ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል፤ ኩሽኔታውም ላይ ጫና ይጨምራል። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን የፊትና አንዱን የኋላ ቸርኬ ከነጎማው አስገጥማችሁ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙሩ። ከኋላ ሦስት ሰው አስቀምጡና ጉብታ ላይ ውጡበት። ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

የብሎኑ አቀማመጥ ላይ ስሙ ብቻ እንዳያታልላችሁ። «የኮሮላ ቸርኬ» የሚባል አንድ ነገር የለም። እንደ ትውልዱና እንደ መጣበት አገር 4 በ100፣ 5 በ100 ወይም 5 በ114.3 ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቁጥር የብሎኖቹ ብዛት፣ ሁለተኛው ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ከ2014 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ኮሮላ 5 በ100 ነው፤ በሌላው ዓለም በብዛት የተሸጠው አቻው ደግሞ 5 በ114.3። አሜሪካ ያለ ወንድም በደግነት ገዝቶ የላከው የኮሮላ ቸርኬ እዚህ ያለው ኮሮላ ላይ አልገባ ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። ቀዳዳ አስፍቶ ማስገባት የሚባል ነገር አይታሰብ።

የመሀሉ ቀዳዳም ይለካል። 5 በ114.3 የሆነው ኮሮላ የሚፈልገው 60.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከገበያ የሚገዙ ቸርኬዎች ለብዙ መኪና እንዲሆኑ ሰፋ ተደርገው ስለሚሠሩ፣ ብዙዎቹ 73.1 ናቸው። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባበት ቸርኬው በትክክል መሀል ላይ አይቀመጥም፤ ባላንስ ተሠርቶም ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል። ሰዎች በዚህ ምክንያት አላይመንት ደጋግመው ሲያሠሩ ይታያል፤ አላይመንት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ዳዶም አለ። የቶዮታ ፋብሪካ አልሙኒየም ቸርኬ የሚታሰረው ጠፍጣፋ ቀለበት ባለው ዳዶ ነው፤ የገበያው ቸርኬ በአብዛኛው ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ይፈልጋል። የጥርሱ ልክ አንድ ስለሆነ (12 በ1.5) የተሳሳተውም ይገባል፣ ይጠብቃልም፤ የሚይዝበት ቦታ ግን ስለማይገጥም እየላላ ይሄዳል። ከአዲሱ ቸርኬ ጋር ትክክለኛ ዳዶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ስኮርታችሁ የፋብሪካ አልሙኒየም ከሆነ አሮጌዎቹንም አትጣሉ።

ጎማውን ስትቀበሉ ጎኑ ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያለውን አራት አሃዝ አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ዓመቱ በፈረንጆች ነው። 2517 የሚል ጎማ የተመረተው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2009 ላይ ነው። «የ17 ነው» ተብሎ በ2017 ዓ.ም. የተመረተ አድርጎ የሚገዛ ሰው ካሰበው በስምንት ዓመት ገደማ የቆየ ጎማ ይዞ ቤቱ ይገባል። ምንም ያልተነዳ ቢሆንም ጎማ መጋዘን ውስጥም ያረጃል። አራቱንም አንብቡ፤ ሦስቱ አዲስ ሆነው አንዱ አሮጌ ሊሆን ይችላል።

ጎሚስታው አስሮ ከጨረሰ በኋላ የኮሮላው ዳዶ መጥበቅ ያለበት በ103 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ቁልፍ ያለውን ፈልጉ፤ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ በእግሩ የሚረግጠው ብሎኑን ያስረዝመዋል። አዲስ ቸርኬ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ስለሚደላደል፣ በዚያው ልክ እንደገና አስጠብቁት።